የአረጋውያን የጤና ልየታ፦ «እርጅና ነው» ተብለው የሚታለፉ ሕመሞች

የጤና ልየታ ማለት አንድ ሰው ሕመም ሳይሰማው፣ ወይም የሚሰማውን ነገር ከሕመም ሳይቆጥረው፣ በሰውነቱ ውስጥ የተጀመረን የጤና ችግር በቀላል ምርመራ ቀድሞ ማግኘት ነው። አገልግሎቱ ለማንኛውም የዕድሜ ክልል የሚሰጥ ቢሆንም ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የተለየ ትርጉም አለው። ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ የሚከሰቱ በርካታ ሕመሞች ራሳቸውን በግልጽ አያሳዩም፤ ሲያሳዩም ምልክታቸው ከእርጅና ጋር ይመሳሰላል። የዓይን መፍዘዝ፣ የጉልበት መክዳት፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሳት፣ የነገር መርሳት፣ የሰውነት መክሳት በቤተሰብም ሆነ በአረጋውያኑ ዘንድ «ከዕድሜ ጋር የመጣ ነው» ተብለው ይታለፋሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በእርግጥ የዕድሜ ለውጦች ናቸው። ብዙዎቹ ግን ስም ያላቸውና ሕክምና የሚገኝላቸው በሽታዎች ናቸው።

ልየታው የሚጀምረው ዕድሜን ከማወቅ ነው። በተለይ በገጠር የሚኖሩ በርካታ አረጋውያን የተወለዱበትን ዓመት በትክክል ስለማያውቁ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ባለሙያው በታወቁ ክስተቶች አስታኮ ቢጠይቅ የተሻለ ግምት ያገኛል። የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ለእርሻ ሥራ የደረሰ ሰው ዛሬ 60 ዓመት ማለፉ አያጠራጥርም፤ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራን በልጅነቱ የሚያስታውስ ደግሞ ከ70 ያለፈ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም የመድኃኒት መጠንም ሆነ የምርመራ ዓይነት የሚወሰነው በዕድሜ ጭምር በመሆኑ ችላ ሊባል አይገባም።

የደም ግፊት

በተለምዶ «ደም ብዛት» የሚባለው የደም ግፊት በአረጋውያን ልየታ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ብዙ ሰዎች የደም ግፊት ካለ ራስ ምታት ይኖራል ብለው ያምናሉ። እውነታው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛው ሕመምተኛ ለዓመታት ምንም ስሜት የለውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የልብ፣ የኩላሊት፣ የአንጎልና የዓይን የደም ሥሮች እየተጎዱ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው «ምልክት» ሆኖ የሚታየው ስትሮክ ነው።

የላይኛው ልኬት 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያዩ ቀናት በተደረገ ልኬት ከተደጋገመ የደም ግፊት አለ ይባላል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ በተለይ ሊስተዋል የሚገባው የላይኛው ቁጥር ብቻውን ከፍ የሚልበት ሁኔታ ነው። ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ከዕድሜ ጋር ስለሚደርቁ እንደ 165/80 ያለ ልኬት የተለመደ ነው። የታችኛው ቁጥር ደህና በመሆኑ «ችግር የለውም» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ይህም ሕክምና የሚያስፈልገው የደም ግፊት ነው።

ልኬቱ ትክክል እንዲሆን አረጋዊው ቢያንስ 5 ደቂቃ ያህል ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸውን በልብ ትይዩ አሳርፈው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከልኬቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ቡና መጠጣት፣ ጫት መቃምና ሲጋራ ማጨስ ልኬቱን ከፍ ያደርጋሉ። ረጅም መንገድ በእግር ተጉዘው ጤና ጣቢያ የደረሱ እናት ወዲያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢለኩ የሚገኘው ቁጥር የመንገዱ ድካም እንጂ የደም ግፊታቸው ላይሆን ይችላል። ከመቀመጫ ሲነሱ ማዞር የሚሰማቸው ከሆነ ቆመውም መለካት አለባቸው፤ ሲቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የመውደቅ አደጋ ስለሚኖር የመድኃኒታቸው መጠን እንደገና መታየት ይኖርበታል።

ሕክምናው በሚገባ ካልተከናወነባቸው ምክንያቶች ዋነኛው መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም የተለመደ ነው፤ የተስተካከለው ግን መድኃኒቱ ስለተወሰደ ነው። አንዳንዶች ደግሞ የሚያቋርጡት በጎንዮሽ ጉዳት ተማረው ነው። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ፣ ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ሊያበዛ ይችላል። እነዚህ ሁሉ በሌላ መድኃኒት ሊለወጡ ወይም በሚወሰዱበት ሰዓት ሊስተካከሉ የሚችሉ በመሆናቸው ለባለሙያ መንገር እንጂ በራስ ውሳኔ መተው አይመከርም።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ እንዲሆን ይመክራል። በኢትዮጵያ ማዕድ ጨው የሚገባው በወጡ ብቻ አይደለም፤ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በሽሮው ውስጥ ቀድሞ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ አካባቢ ቡናም በጨው ይጠጣል። በመሆኑም «ወጥ ላይ ጨው ቀንሻለሁ» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም።

የስኳር ሕመም

የስኳር ሕመም ምልክቶች ተብለው የሚታወቁት ብዙ ውኃ መጠማትና ሽንት ማብዛት ናቸው። በእርጅና ዘመን ግን የጥማት ስሜት በራሱ ስለሚቀንስ ሕመሙ በድካም፣ በክብደት መቀነስ፣ በማይድን ቁስል ወይም በዓይን ብዥታ ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ ምልክት ሳይጠበቅ መለካት ያስፈልጋል። ምግብ ሳይበላ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከተቆየ በኋላ የሚለካ የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ለስኳር ሕመም የመጋለጥ ምልክት ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው።

ለአረጋውያን ከስኳር መብዛት ባልተናነሰ አደገኛ የሆነው የስኳር ማነስ ነው። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘል ስኳሩ ከ70 በታች ሊወርድና ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ እስከ ራስ መሳት ሊያደርስ ይችላል። ይህ በተለይ በጾም ወቅት ይከሰታል። አረጋውያን ጾምን ከሌላው የዕድሜ ክልል ይልቅ አጥብቀው የሚይዙ በመሆናቸው ባለሙያው ጉዳዩን ሳያነሳ ቢቀር እነርሱ ላያነሱት ይችላሉ። ሁለቱም ታላላቅ የአገሪቱ እምነቶች ለሕመምተኛ ጾምን የሚያላሉበት ሥርዓት አላቸው። ለመጾም የወሰኑ ሰዎች ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከባለሙያ ጋር ማስተካከል ይኖርባቸዋል። ምልክቱ ከታየ፣ ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ወዲያውኑ መስጠት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው አረጋውያን እግራቸውን በየቀኑ ማየት፣ ጎንበስ ማለት የማይችሉ ከሆነ በልጅ ወይም በልጅ ልጅ ማስታየት ይኖርባቸዋል። ስሜቱ የደነዘዘ እግር እሾህ ሲወጋው፣ እሳት ሲያቃጥለው አያውቅም። ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊገጥማቸው ስለሚችል የእግር መደንዘዝ ወይም የማስታወስ ችግር ሲኖር ይህም መታሰብ አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊትና የዓይን ምርመራ የክትትሉ አካል ነው።

ዓይን

በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ የችግሩም ግማሽ ያህል በዓይን ሞራ ግርዶሽ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ማለት የዓይን ሌንስ እየደፈረሰ መሄድ ነው። በጠብታ አይድንም፤ በመነጽርም አይስተካከልም፤ መፍትሔው የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ቀዶ ሕክምናው ዓይንን ብቻ በማደንዘዝ በአጭር ጊዜ የሚከናወን ሲሆን አብዛኛው ታካሚ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል።

«ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ» የሚለው አባባል ከቀድሞ የቀዶ ሕክምና ዘዴ የቀረ ነው። ዛሬ መጠበቅ ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ሞራው ከመጠን በላይ ሲቆይ በዓይን ውስጥ ግፊት ሊፈጥርና ቀዶ ሕክምናውን ሊያከብድ ይችላል። የዕለት ሥራን፣ መንገድ መሄድን ወይም ሰው መለየትን ማወክ ሲጀምር መታከም ተገቢ ነው። በዚህ ረገድ የሚያሳዝነው ዓይናቸውን በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊመልሱ የሚችሉ ሰዎች በልጅ እየተመሩ ዓመታት ማሳለፋቸው ነው። የሚመራው ልጅም ከትምህርት ገበታው ይቀራል።

ግላኮማ ከሞራ የሚለየው የጠፋውን እይታ መመለስ ባለመቻሉ ነው። የዓይን ነርቭ ሳያም፣ ሳይቀላ፣ ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ እይታው ከዳር ጀምሮ ስለሚጠብ ሕመምተኛው የሚያውቀው ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው። እናት፣ አባት፣ እህት ወይም ወንድም በግላኮማ የተያዘበት ሰው ከ40 ዓመቱ ጀምሮ በዓይን ባለሙያ መታየት አለበት። ለማንበብ ወይም መርፌ ለመሰካት መቸገር ግን ብዙ ጊዜ ከ40 በኋላ የሚመጣ የሌንስ ድካም ሲሆን በመነጽር ይስተካከላል። በትራኮማ ምክንያት የዐይን ሽፋኑ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሰው፣ በብዛትም ሴቶች፣ ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀለ ከመኖር ይልቅ የዐይን ሽፋን ቀዶ ሕክምና ማግኘት ይኖርበታል፤ ፀጉሩ የዓይኑን ብሌን እየፋቀ ጠባሳ ከፈጠረ በኋላ እይታውን መመለስ አስቸጋሪ ነው።

መውደቅና የአጥንት ስብራት

አንድ አረጋዊ በአንድ ዓመት ውስጥ ወድቀው የሚያውቁ መሆናቸውን መጠየቅ መሣሪያ የማይፈልግ ግን እጅግ ጠቃሚ ልየታ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው እንደገና የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም፦ የደከመ ዓይን፣ ሲነሱ የሚወርድ የደም ግፊት፣ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶች፣ የላላ ጫማ፣ ከፍ ያለ የበር መድረክ፣ ከሁሉም በላይ በሌሊት ከቤት ውጭ ወዳለ መጸዳጃ ያለ መብራት መውጣት ተደማምረው ይጥላሉ። ለአረጋውያን በመኝታ አጠገብ የእጅ ባትሪና ፖፖ ማስቀመጥ ርካሽና ውጤታማ መፍትሔ ነው።

ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ የሴቶች አጥንት ፈጥኖ ይሳሳል። የመጎንበስ መብዛትና የቁመት ማጠር በጀርባ አጥንት ላይ የደረሰ ስብራት ምልክት ሊሆን ይችላል። ከወደቁ በኋላ መቆም ያልቻሉ፣ አንዱ እግራቸው ያጠረና ወደ ውጭ የዞረ አረጋዊ የዳሌ ስብራት ደርሶባቸው ይሆናልና በወጌሻ መታሸት የለባቸውም። በጥብቅ የታሰረ ቀርከሃ ወይም ጨርቅ የደም ዝውውርን ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ሊያደርስ እንደሚችል በሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነው። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ፣ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ጭንቅላታቸውን የተመቱ አረጋውያን በዕለቱ ደህና ቢመስሉም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ መብዛት ወይም ግራ መጋባት ከታየባቸው በአንጎል ዙሪያ ደም ፈስሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መመርመር አለባቸው።

የማስታወስ ችግር

ስም ወዲያው አለመምጣቱ፣ ዕቃ የት እንደተቀመጠ መርሳት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። የሚያውቁት ሰፈር መንገድ መጥፋት፣ አንድን ጥያቄ በደቂቃዎች ልዩነት መደጋገም፣ ለዓመታት ሲሠሩት የኖሩትን ወጥ ወይም ሒሳብ ማሰናከል ግን የተለየ ነው። የመርሳት ሕመም የአንጎል በሽታ እንጂ «መጃጀት» ወይም የእርጅና ተፈጥሯዊ ክፍል አይደለም። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ግን ሌላ ነው። ትናንት ደህና የነበሩ አረጋዊ ዛሬ ግራ ከተጋቡ፣ ሰው ከሳቱ ወይም ከቃዡ ይህ የመርሳት ሕመም ሳይሆን የሌላ አጣዳፊ በሽታ ምልክት ነው። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የስኳር ማነስ፣ የሰውነት ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በእርጅና ዘመን የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት፣ የልብ ድካምም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ይችላልና ትኩሳት የለም ብሎ መጠበቅ አይገባም። ቀስ ብሎ የመጣውም ቢሆን በድባቴ፣ በታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ በቫይታሚን እጥረት ወይም በጆሮ መክበድ የተፈጠረ ከሆነ ሊሻሻል ይችላል። የማይሰማ ሰው «አይገባውም» ተብሎ ከጨዋታ ሲገለል ቤተሰቡ ችግሩን በመርሳት ይተረጉመዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

በኀፍረት የሚደበቁ ችግሮች

የወር አበባ ከተቋረጠ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚታይ ማንኛውም ደም፣ አንድ ጠብታም ቢሆን፣ የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል። የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በአገር አቀፍ ደረጃ ቅድሚያ የሚሰጠው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች ቢሆንም ከዚያ ያለፉና አንድም ጊዜ ያልተመረመሩ እናቶች ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። ብዙ የወለዱ እናቶች ላይ የሚደርሰው የማህፀን ወደ ታች መውረድና ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ለዓመታት ከባልም ከልጅም ተደብቆ ይኖራል፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው።

ወንዶች ዘንድ የሽንት መቅጠን፣ መንጠባጠብና ሌሊት ደጋግሞ መነሳት በአብዛኛው የፕሮስቴት ዕጢ ካንሰር ያልሆነ እድገት ምልክት ነው። ሽንት ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በሽንት ወይም በሰገራ ውስጥ ደም መታየት፣ በጡት ላይ እብጠት መገኘት፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሳያስቡ ቀበቶ እስኪያጠብቁ መክሳት በሁለቱም ጾታ ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው። አረጋውያን ላይ የሳንባ ነቀርሳ በ«ብርድ» ስም ብዙ ይዘገያል።

መድኃኒትን መመርመር

በርካታ አረጋውያን ከአንድ በላይ ሕመም ስላለባቸው ከተለያዩ ተቋማት የተለያዩ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ። ወደ ምርመራ ሲመጡ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከገበያ የተገዛውንና የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መምጣት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። በተለይ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም ግፊትን ያባብሳሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ጨጓራን ያደማሉ። የግፊት መድኃኒቱ «አልሠራም» ከተባሉ ሰዎች መካከል ምክንያቱ ይህ ሆኖ የሚገኝባቸው አሉ።

አገልግሎቱን ማግኘት

የልየታ አገልግሎት ለማግኘት መታመምን መጠበቅ አያስፈልግም። የደም ግፊት ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ የደም ስኳር ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ፣ ዓይን በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ቢታይ ይመከራል፤ ሕመም የተገኘበት ሰው ቀጠሮ ግን ከዚህ ይቀርባል። ሁሉም ምርመራ ለሁሉም ሰው ይጠቅማል ማለት አይደለም። «ሙሉ ምርመራ» በሚል የሚሰጡ ረጃጅም የላቦራቶሪ ዝርዝሮች ምልክት በሌለበት ሰው ላይ የሐሰት ሥጋትና ተጨማሪ ወጪ ሊያስከትሉ ይችላሉ። በትክክል የተለካ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ ክብደት፣ የዓይንና የጆሮ ፍተሻ፣ እንዲሁም በጥሞና የተደመጠ ታሪክ ከእነዚያ የበለጠ ያስገኛሉ።

የመጀመሪያው መድረሻ በአቅራቢያ ያለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። መንቀሳቀስ የማይችሉ አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳወቅ ይችላል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ፣ ወደ ሆስፒታል ሲላኩም ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት መቀበል ይጠበቅባቸዋል፤ መክፈል የማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ ቀበሌያቸውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። አብሮ የሚመጣ የቤተሰብ አባል ጠቃሚ ነው፤ ጥያቄው ግን አስቀድሞ ለአረጋዊው ለራሳቸው መቅረብ አለበት፤ ከላይ የተጠቀሱት የኀፍረት ችግሮች ልጅ ባለበት አይነገሩምና ለብቻቸው የሚናገሩበት ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

የፊት በአንድ ጎን መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር በድንገት መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የደረት መጨነቅ፣ ድንገተኛ የእይታ መጥፋት፣ ወይም 180/120ና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ሲታይ ቀጠሮ አይጠበቅም። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት በመያዝ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ ወይም አገልግሎቱ ባለበት አካባቢ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።